ነገሩ ላዩ ላይ ነው

ቦውሊንግ አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ኳስ ወደ ዳር ተወርውሮ ጋተር የሚባለው የዳር ቦይ ውስጥ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ታጥፎ ወደ መሃል ሲመለስ ካየ የሚለው አንድ ነው። «እጁ ላይ የሆነ ነገር አለ!» አለ፣ አልክድም። ጣት ከቀዳዳው ሲወጣ ኳሱን ካላሾረው የሚታጠፍ ነገር የለም። ግን ያንኑ እጅ፣ ያንኑ ፍጥነት፣ ያንኑ ሽክርክሪት ይዘህ ኳሱን ብቻ ቀይር። አንደኛው ቀጥ ብሎ ይሄድና የዳሯን ፒን (ለመጣል ከቆሙት ጠርሙስ መሰል ነገሮች አንዷን) ለክፎ ያልፋል። ሁለተኛው ከመንገዱ ሁለት ሦስተኛውን ከጨረሰ በኋላ ይዞርና መሃሉን ይገባበታል። እጅህ ያው ነው። የተለወጠው የኳሱ የላይኛው ሽፋን ነው። አምራቾቹ ከቨርስቶክ ይሉታል፣ እኔና ጓደኞቼ ደግሞ «ቆዳው» እንለዋለን።

ይሄን የምጽፈው ሰው ኳስ ሲመርጥ ቀለም ሲያይ ስለማይ ነው። ቀለምና ዋጋ። ከዚያ ደግሞ የትኛው ታዋቂ ተጫዋች እንደሚወረውረው። ላዩ ከምን እንደተሠራ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም፤ ኳሱ ሌን (የሚሄድበት ቀጭን ረጅም ወለል) ላይ የሚያደርገውን ከሚወስኑት ነገሮች ግን ትልቁ እሱ ነው።

እኔ ኑሮዬ አዳማ ነው፣ የምጫወተው አዲስ አበባ። ስለዚህ ኳሴ ከእኔ ጋር በፈጣን መንገዱ ይመላለሳል። አባዱላ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው ስቀመጥ፣ አጠገቤ ያለው ሰው ቦርሳውን በክርኑ ገፋ ያደርግና አልነቃነቅ ሲለው ዞር ብሎ ያየኛል። 15 ፓውንድ ነው፣ ሰባት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የጎደለው። አንዴ አንዲት እናት «ሐብሐብ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ከፍቼ ሳሳያቸው ሦስቱን ቀዳዳ በጣታቸው ነካክተው፣ «ይሄን ነው የምትወረውረው? ወገብህን አደራ ልጄ» አሉኝ። ረዳቱ ደግሞ ለዕቃ ላስከፍለው አላስከፍለው ብሎ ሲያስብ ነበር፣ ሳቁ አዳነኝ።

ኳሱን ያመጣልኝ የአጎቴ ልጅ ነው፣ ከአሜሪካ ለፋሲካ ሲመጣ። የጣቶቼን ውፍረትና በአውራ ጣቴና በመሃል ጣቶቼ መካከል ያለውን ርቀት ለክቼ ላክሁለት፣ እዚያው አስቦረቦረው። ከ23 ኪሎ ሻንጣ ላይ ሰባቱን ለኳስ መልቀቅ ቀላል ውለታ አይደለም። ቦሌ ሲደርስ ሻንጣው በማሽን አለፈና ፈታሹ አስቆመው። ስክሪኑ ላይ ክብ ነገር ይታያል፣ ክቡ ውስጥ ደግሞ የአምፖል ቅርጽ ያለው ሌላ ድፍን ነገር። እውነቱን ለመናገር ያስፈራል። ሻንጣው ተከፈተ፣ ኳሱ ወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ፣ ሁሉም ሳቀ፣ አለፈ።

ያ ውስጠኛው ነገር ኮር ይባላል። ብዙ ሰው የኳሱ ምሥጢር እሱ ይመስለዋል፣ ማስታወቂያዎቹም የሚያሳዩት እሱን ቆርጠው ነው። ኮር ሥራ አለው። ክብደቱ በሁሉም በኩል እኩል ስላልሆነ፣ ኳሱ እየተሽከረከረ ሲሄድ የሚሽከረከርበትን አቅጣጫ ቀስ በቀስ ያዞረዋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዙር ሌኑን የሚነካው አዲስ፣ ዘይት ያልነካው የቆዳ ክፍል ይሆናል። ይሄን በዓይንህ ማየት ትችላለህ። ኳሱ በማመላለሻው ሲመጣ ቶሎ አትጥረገው፤ መብራት ላይ ያዘው። ቀጫጭን የዘይት ክቦች እርስ በርስ ተጠጋግተው፣ ሁለት ቦታ ላይ እየተቆራረጡ፣ ከዚያ እየተራራቁ ታያለህ። እያንዳንዱ ክብ አንድ ዙር ነው። ኮሩ ንጹህ ቆዳ ያቀርባል። ሌኑን የሚይዘው ግን ቆዳው ነው፤ ቆዳው የማይዝ ከሆነ የፈለገ ኮር ቢኖር ዋጋ የለውም።

ለምን እንደሚይዝ ለመረዳት ዘይቱን ማወቅ የግድ ነው።

ሌኑ ከመወርወሪያው መስመር እስከ መጀመሪያዋ ፒን ድረስ 60 ጫማ ነው፣ 18.29 ሜትር። ወርዱ ከአንድ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። የመጀመሪያው 12 ሜትር ገደማ ዘይት ይቀባል፣ የቀረው ደረቅ ይተዋል። ዘይቱ የተጀመረው የእንጨቱን ወለል ከኳሱ ለመከላከል ነበር፣ አሁን ግን የጨዋታው ግማሽ እሱ ሆኗል። መጠኑ ስታየው ያስቃል፦ ለአንድ ሌን ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር። ሁለት የሾርባ ማንኪያ! እሱም እኩል አይቀባም፤ መሃሉ ላይ ወፍራም፣ ዳርና ዳሩ ላይ ስስ ይሆናል። ደግሞ አይታይም። ቆመህ የምታየው አንድ ወጥ የሚያብረቀርቅ ወለል ነው። ዘይቱ የት እንዳለ የሚነግርህ ኳስህ ብቻ ነው።

ኳሱ ከእጅህ ሲወጣ ይንሸራተታል። ወደፊት የሚሄድበት ፍጥነት ከሚሽከረከርበት ይበልጣል፣ ሽክርክሪቱም ወደ ጎን ያደላል። ዘይቱ ላይ እያለ ያ የጎን ሽክርክሪት የሚይዘው ነገር ስለሌለ ኳሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ደረቁ ጋ ሲደርስ ቆዳው ወለሉን ይነክሳል፣ ሽክርክሪቱ ወደ አቅጣጫ ይለወጣል፣ ኳሱ ይታጠፋል። ከዚያ መንሸራተቱን ጨርሶ መንከባለል ይጀምራል፣ ፒኖቹን የሚመታውም እንዲያ ሆኖ ነው። ይሄ ሁሉ የሚያልቀው ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ውስጥ ነው። ቆዳ የሚወስነው እንግዲህ ይሄን ነው፦ ምን ያህል ይንሸራተት፣ የት ይንከስ፣ ሲነክስ በዝግታ ይሁን ወይስ በአንዴ።

መታጠፉ ለውበት አይደለም። ለስትራይክ (ሁሉንም ፒን በአንድ ውርወራ ለመጣል) ኳሱ ወደ ፒኖቹ በ6 ዲግሪ ገደማ አግድሞ ቢገባ ጥሩ ነው ይባላል። ከሌኑ ጥግ ቆመህ በቀጥታ ብትወረውር ግን ሌኑ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ሁለት ዲግሪ እንኳ አታገኝም። ቀጥ ያለ ኳስ ፒኗን ሲመታ ተገፍቶ ይወጣል፣ ከኋላ ያሉት ቆመው ይቀራሉ። በትክክል መትተህ ሁለት ፒን ቆሞ ሲቀር «ዕድሌ ነው» የምትል ከሆነ፣ ዕድልህ አይደለም።

አሁን ወደ ቆዳዎቹ።

ቦውሊንግ ቤት መደርደሪያ ላይ ያሉት፣ ማንም አንስቶ የሚወረውራቸው ባለ ብዙ ቀለም ኳሶች በአብዛኛው ፖሊስተር ናቸው፣ ፕላስቲክ የሚባለው። ላያቸው ጠንካራና ልሙጥ ነው፣ ዘይት አይመጥጥም፣ ደረቁንም ያን ያህል አይነክስም። ሰው «እኔ ማጠፍ አልችልም» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው በምን ኳስ እንደሆነ ነው። በመደርደሪያ ኳስ ዓመት ሙሉ ብትለፋ የምታገኘው ትንሽ ነው። ግን አትናቀው። ዘይት ቢኖርም ባይኖርም ግድ ስለሌለው ቀጥ ይላል፤ ጥግ ላይ ብቻዋን ለቀረች ፒን ከእሱ የተሻለ የለም። ትልልቆቹ ተጫዋቾችም ቦርሳቸው ውስጥ አንድ ፕላስቲክ የሚይዙት ለዚህ ነው።

ከፕላስቲክ በፊት ጎማ ነበር፣ ከጎማ በፊት ሊግነም ቪቴ የሚባል በጣም ጠንካራ እንጨት። እነሱን ልለፋቸው፣ አንድ ታሪክ ግን አላልፍም። በ1973 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ዶን መኪዩን የሚባል አሜሪካዊ ፕሮፌሽናል የፕላስቲክ ኳሱን ኬሚካል ውስጥ እየዘፈዘፈ ላዩን አለሰለሰው። የለሰለሰ ቆዳ ወለሉን ይይዛል። በዚያ ዓመት ስድስት ውድድር አሸነፈ፣ የዓመቱ ተጫዋችም ተባለ። ሌሎቹ ሲነቁ እነሱም መዘፍዘፍ ጀመሩ። ኬሚካሉ የሚሸትና በቀላሉ እሳት የሚይዝ ነገር ነው፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ ባልዲ ሙሉ ይዘህ ስታስበው! ኋላ ላይ ኳስ ከዚህ በታች አይለስልስ የሚል ልክ ወጣ፣ መርፌ ባለው መለኪያ እየተወጋ ይፈተሻል። ለእኔ የዚህ ታሪክ ጣዕሙ ሰውየው እጁን ሳይቀይር፣ ውስጡን ሳይነካ፣ ላዩን ብቻ ቀይሮ ስድስት ዋንጫ መውሰዱ ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዩረቴን መጣ። ከፕላስቲክ የበለጠ ይይዛል፣ ግን በዝግታ ነው የሚይዘው። ቀድሞ ይጀምርና ወጥ የሆነ ሰፊ ቅስት እየሠራ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ድንገት የሚቆርጥ ነገር የለውም። ስለማያስደነግጥህ ታምነዋለህ። ጉዳቱ ዘይት ብዙ አለመምጠጡ ነው፦ ያነሳውን ዘይት ወደ ደረቁ ክፍል እየገፋ ይወስደዋል፣ ከተወሰነ ጨዋታ በኋላ ለሁሉም ሰው ሌኑ ይለወጣል። ያረጀ ቴክኖሎጂ ነው ተብሎ ተረስቶ ነበር። በሁለት እጅ የሚወረውሩ፣ ኳሱን ከመጠን በላይ የሚያሾሩ ልጆች ሲመጡ ግን ተመለሰ። ስዊድናዊው ጄስፐር ስቬንሰን ከእነሱ አንዱ ነው። እንደዚያ ያለ ሽክርክሪት ያለው ሰው የሚቸግረው ማጠፍ አይደለም፣ ማቆም ነው። ዩረቴን ያን ያህል ተፈላጊ ሆኖ ሳለ፣ በ2022 የአሜሪካ ቦውሊንግ ኮንግረስ በ2016 እና በ2017 የተመረቱ ፐርፕል ሐመር የሚባሉ ኳሶችን ከብሔራዊ ውድድሮቹ አስወጣ። ጉዳዩ እንደገና ልስላሴ ነበር። ከመኪዩን ባልዲ ወዲህ ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ክርክሩ ያው ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሪአክቲቭ ሬዚን መጣና ሁሉን ነገር ገለባበጠው። ዩረቴኑ ላይ የሚጨመር ነገር አለ፣ ኳሱ ሲደርቅ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ላዩ ላይ ይፈጠራሉ። በእነዚያ ቀዳዳዎች ዘይቱን ይጠጣዋል፣ ደረቁ ጋ ሲደርስም አጥብቆ ይይዛል። ይሄ ለእናቶቻችን አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሸክላ ምጣድ ሲሟሽ አይተሃል? የተወቀጠ ጎመን ዘር ይበተንበታል፣ በጨርቅ ደጋግሞ ይታሻል፣ ሸክላው ቅባቱን ይጠጣል። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይይዘዋል፣ ቅባቱን ጠጥቶ የጠገበው ይለቀዋል። ሪአክቲቭ ኳስም ልክ እንዲሁ ነው፤ አዲስ ሳለ ይይዛል፣ ዘይት ሲጠግብ ይለቃል። እናቴ ምጣዷ እንዲጠግብ ነው የምትለፋው፣ እኔ ደግሞ ኳሴ እንዳይጠግብ። «በሽታው ያው ነው» አለችኝ ሳስረዳት፣ «አንተ ግን ተገላቢጦሽ ነህ።»

ስለዚህ ይጠረጋል። በየውርወራው በፎጣ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ከፋርማሲ በምትገዛው አልኮል፣ ዘይቱ ወደ ውስጥ ሳይገባ፣ እዚያው ኳሱ ሳይቀዘቅዝ። ቤት ከደረስክ በኋላ ብትጠርገው የምታነሳው አቧራ ነው። እኔ አባዱላ ውስጥ ሳልገባ ነው የምጨርሰው።

ሪአክቲቭ ራሱ ሦስት ዓይነት አለው፣ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ሶሊድ የሚባለው ዘይት ላይ እያለም ወለሉን ቶሎ ይይዛል፣ ቅስቱ የተስተካከለ ነው፣ ዘይት ለበዛበት ሌን የተሠራ ነው። ፐርል ላዩ ላይ ሚካ የሚባል የሚያብለጨልጭ ማዕድን ተጨምሮበታል፣ ለዚህ ነው የሚያንጸባርቀው። ዘይቱ ላይ ረዘም አድርጎ ይንሸራተታል፣ ጉልበቱን ይቆጥባል፣ ደረቁ ጋ ሲደርስ በአንዴ ይቆርጣል። ሃይብሪድ ሁለቱን ያደባለቀ ነው። በማስታወቂያ ሲታይ ኃይለኛው ሶሊዱ ነው። «በጣም የሚታጠፈው» ተብሎ የሚሸጠው፣ ብዙውን ጊዜ ውድ የሚሆነውም እሱ።

አንድ ጓደኛዬ ወንድሙ ያንን ላከለት። ጥቁር፣ ያልተወለወለ፣ ስትነካው ሻካራነቱ ጣትህ ላይ የሚቀር ሶሊድ። የወረወረበት ሌን ደግሞ ዘይቱ በጊዜው የማይቀባ፣ በልደት ድግስ ኳሶች ሲታሽ የዋለ ነበር። የትኛው ቦውሊንግ ቤት እንደሆነ ይቅር። ኳሱ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ነክሶ ታጠፈ፣ የመጀመሪያዋን ፒን በስተግራ አልፏት ሄደ። ልጁ ወደ ግራ ተጠጋ፣ ኳሱ አሁንም ያው። በኃይል ሲወረውር ደግሞ አስቀያሚው ነገር መጣ፦ ኳሱ ደርሶ ይመታል፣ ግን ጉልበት የለውም። ቀድሞ የነከሰ ኳስ ሽክርክሪቱን መንገድ ላይ ይጨርሰዋል፣ ፒኖቹ ጋ ሲደርስ የሚያዞረው ነገር አይኖረውም። ጓደኛዬ ሊሸጠው ተነሳ። ገዢ ከየት ይመጣል?

ኳሱን አዳማ ይዤው መጣሁ። ሰፈራችን ካለ ጋራዥ፣ ቀለም ቀቢው ጋ ሄድኩ። እሱ ቦውሊንግ አያውቅም፣ የዕቃን ገጽ ግን ያውቃል። ኳሱን ጉልበቱ መሃል አስቀምጦ ጥፍሩን ሄድ አደረገበትና «ይሄማ ገና 1000 ላይ ነው» አለኝ። ውሃ በላስቲክ፣ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሻካራ ነው፣ በበዛ መጠን ልሙጥ። በ1000 ሁሉን ጎን አዳረሰው፣ አንድ ቦታ ላይ እንዳይበዛ እያዞረ፣ ከዚያ 2000፣ ከዚያ 3000፣ በየመሃሉ ውሃ እያፈሰሰ። የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ ጥቁር ነበር፣ ቀስ በቀስ ግራጫ ሆነ። የመኪና ማወልወያ ሊቀባው ሲል ከለከልኩት፤ ለኳስ ያልተፈቀደ ኬሚካል ሊኖረው ይችላል። በወረቀትና በውሃ ብቻ ጨረሰው። ገንዘብ ስሰጠው «ለልጄ አምጣለት፣ ይወርውር» ብሎ ግማሹን መለሰልኝ።

ኮሩ ያው፣ ቀዳዳው ያው፣ ቆዳው እንኳ ያው ሶሊድ ነው። የተለወጠው ሸካራነቱ ብቻ ነው። ያ ኳስ ግን በሚቀጥለው ጨዋታ ሁለት ሜትር ያህል ረዝሞ ተንሸራተተና የት እንደሚታጠፍ የሚያውቅ ኳስ መሰለ። ሻካራ ቆዳ ዘይቱን ሰንጥቆ ወለሉን ቀድሞ ያገኛል፣ ልሙጥ ቆዳ ዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ አዲስ ኳስ ከመግዛትህ በፊት ያለህን በወረቀት ሞክረው። ውድድር ላይ ከሆንክ ግን ጨዋታው ሳይጀመር ጨርስ፣ ከተጀመረ በኋላ ላዩን መቀየር አይፈቀድም።

አንድ የአዳማ ሰው ብቻ የሚገባው ነገር ልጨምር፦ ሙቀት። ኳስ መኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ አይቀመጥም። በሚያዝያ ቀን፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ኮፈን ውስጥ ሪአክቲቭ ኳስ የጠጣውን ዘይት መልሶ ያልበዋል፣ ከበዛበትም ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ኳስ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ዩረቴን ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ የለሰለሰ ደግሞ ከለመድከው በላይ ይይዛል። የእኔ ኳስ አልጋ ሥር ነው የሚተኛው፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ፎጣ ተጠቅልሎ። ባለቤቴ መጥረጊያው በነካው ቁጥር የምትለውን እዚህ አልጽፈውም።

እንግዲህ ዘመድህ ከውጭ ሊመጣ ነው፣ አንድ ኳስ ብቻ ልታስመጣ ነው፣ የምትጫወተው ደግሞ ዘይቱን በማታምነው ሌን ላይ ነው እንበል። «ኃይለኛውን» አትበለው። መካከለኛ ኮር ያለው፣ የተወለወለ ሪአክቲቭ ፐርል በለው፣ ዋጋውም ከትልልቆቹ ይቀንሳል። ኳስህን በጣም የምታሾር ከሆንክ ዩረቴን ይሻልሃል። ገና ጀማሪ ከሆንክና ጣትህ ኳሱን ማሾር ካልለመደ፣ በልክህ የተቦረቦረ ፕላስቲክ እንኳ ከመደርደሪያው ኳስ ብዙ ይበልጣል፣ ኋላም ለስፔር (ቆመው የቀሩትን ፒኖች ለመጣል) ይሆንሃል። ሻንጣው ላይ ቦታ ካለ ደግሞ ከ500 እስከ 4000 ያሉትን ማለስለሻዎች ይጨምርልህ፣ ምንም አይከብዱም። ቀለሙን ተወው፣ ሮዝም ቢሆን ያምጣው።